የኸይረዲን ቁርቁራ

የቆቦ ፀሐይ ለባለሥልጣንም ለመንገደኛም አታዳላም። በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ወጣቷ የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ ሰልዋ ሜትሯን ይዛ መናኸሪያውን ስትዞር ላብ በላብ ሆና ነበር። በዙሪያው ያለው አረንጓዴ ቦታ ለመንገደኛው ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለክታ እንድታቀርብ ከማዘጋጃ ቤቱ ታዝዛለች።

እውነቱን ለመናገር የሚለካ ነገር አልነበረም። አቧራ፣ ባጃጅና ፍየል ብቻ። አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ግን ከሥሩ መንገደኛውን ሰብስቦ ቆሟል። ጎሚስታው ኸይረዲንም የሚሠራው እዚያው ነው።

«እህቴ፣ ብቻሽን እንዴት ሆኖ ይለካል? አምጪው ጫፉን» አላት።

ጥላውን ሦስት ጊዜ ለኩት። አንዴ ይበቃ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ወር ሳይሞላ የሰልዋ ልብ ወደ እሱ ሸፈተ።

ሪፖርቷን ስታስገባ የቁርቁራውን ጥላ ከሕዝብ ቦታ ደመረችው። አጥር የለው፣ ማንም ያርፍበታል፤ የማን ነው ብላም አልጠየቀች። ቁጥሩ ሞላና «በቂ ነው» ተባለ። በቂ ከሆነማ ከመናኸሪያው አጠገብ ለችግኝ የተከለለው ቦታ ለሱቅ ይሰጥ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ።

ያን ቀን ኸይረዲን ሰላምታዋን አልመለሰም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ቁርቁራው ያለው በእኛ ግቢ ነው። መንገደኛ ይረፍበት ብሎ አባቴ ነው አጥሩን ያፈረሰው፣ ለሰደቃ። አንቺ የሰው ሰደቃ ቆጥረሽ የከተማውን ቦታ ልታስወስጂ! ወላሂ፣ ካንቺ አልጠበቅሁም።»

ሰልዋ ክው አለች። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም፤ ተሳሳትኩ ካለች እንጀራዋ አደጋ ላይ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ይህ ሰው ዳግም ቀና ብሎ አያያትም።

በስብሰባው ሪፖርቱ ተነቦ ሲያበቃ እጇን አወጣች።

«የለካሁት ጥላ የግለሰብ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው። እሱ ሲቀነስ ለመንገደኛው የሚተርፍ ጥላ የለም። ቦታው ለዛፍ ይቆይ።»

«ሥራሽን የምታውቂ አልመሰለኝም!» አሉ ሰብሳቢው።

«ዛሬ አወቅሁት» አለች።

ቦታው ለዛፍ ጸደቀ፤ ለእሷ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤዋን ይዛ ስትወጣ ኸይረዲን በሩ ላይ ቆሟል።

«ለዛፍ ብለሽ እንጀራሽን?»

«ለዛፉም ነው። ፊትህን ስታዞርብኝ ግን አልቻልኩም። እወድሃለሁ።»

ኸይረዲን መሬት መሬቱን እያየ ሳቀ።

«እንግዲያው ጁምዓ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ኢንሻ አላህ።»

«ዛሬ ገና ሰኞ ነው» አለችው ሰልዋ። «እስከዚያ ሽማግሌዎችህ ምን ሥራ ይዘው ነው?»