ከቅጂው የተገለለው ፎልደር

ኦዱያ በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ያለ ዓሣ ላኪ ድርጅት የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። ጠዋት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በረዶ ሆኖ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። የኮሪደሩን የካሜራ ምስል ደግሞ አንድ ሰው ከሰርቨሩ አጥፍቶታል።

ኢንስፔክተር ንዱኩ ሥራ አስኪያጁን ኦጉቱን፣ ዘበኛውን ኦኬሎንና የኮምፒውተር ባለሙያዋን አኮትን ሰርቨሩ ካለበት መስኮት አልባ ክፍል አስገብታ ቆለፈችው። ምሳ ልታደርስ የመጣችው የአኮት እናትም አብራ ተቆለፈባት። ገና ከመቀመጧ ልጇን፣ ሰርቨሩን የምትይዘው እሷ ናት ተብላ ቀድማ ተጠርጥራ፣ በካቴና ታስራ አየቻት።

«ምስሉን ማን ሊያጠፋው ይችላል?» አለች ንዱኩ።

«ሁላችንም» አለ ኦኬሎ። «የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኔማ ኳስ ለማየት ካልሆነ አልነካውም።»

«ቅጂ አይቀመጥም?»

«የሌላው ሁሉ ይቀመጣል» አለ ኦጉቱ። «የካሜራው ግን ዲስክ ስለሚሞላ ከባክአፑ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂው፣ አግልዪው ብያት አግልላዋለች። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሰው አልገድልም።»

«እኔ ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አለ ኦኬሎ።

እናትየው አላስቻላትም። «ልጄ እንኳን ሰው ልትገድል! ሰሞኑን ዲስኩ ሞላ፣ ሞላ እያለች እንቅልፍ አጥታ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ልጇን ገደል የከተተቻት መሰላት።

ንዱኩ ወደ አኮት ዞረች። «ከተገለለ ለምን ይሞላል?»

አኮት አቀረቀረች። «አዲሶቹ ካሜራዎች ሲገቡ ምስሉ ወደ ሌላ ፎልደር ዞረ። እኔ ያገለልኩት የድሮውን ነው። አዲሱን ረሳሁት፤ ባክአፑም ሲገለብጠው ከረመ። አለቃ እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ትናገር እንጂ፣ ማማ፤ ነጻ የሚያወጣት ይኸው ነው» አለች ንዱኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የባክአፕ ዲስክ አነሳች። «ገዳዩ ይህን ዓይኑ ሥር ትቶት ሄዷል። ኦኬሎ ቢሆን የካሜራውን መገለል ስለማያውቅ ይሰርቀው ነበር። አኮት ብትሆን ምስሉ እዚህ እንዳለ ስለምታውቅ ትሰብረው ነበር። ምስሉ ዲስኩ ላይ የለም ብሎ ልቡ ያረፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኦጉቱ ተነስቶ በሩን ሳበው። አልተከፈተም።

ንዱኩ የአኮትን ካቴና ፈታች። «አኮት፣ ምስሉን መልሺው።»

«አትድከሙ» አለ ኦጉቱ፣ ጀርባውን እንደሰጣቸው። «ዓሣውን በኋላ በር ሰርቄ ሳወጣ ኦዱያ ደረሰብኝ። አትናገርብኝ ብለው እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ኦጉቱ እጅ ላይ ሲዘጋ እናትየው የልጇን ክንድ አለቀቀችም። «አሁን በስህተቷ ከሥራ ያባርሯታል አይደል?»

«ማማ፣ የሚያባርራትን እኮ ይዤው መሄዴ ነው» አለች ንዱኩ።