ሁለት ምስክር ያጣው ሉፑስ

በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ዝናቡ በበረታበት ወር፣ በግንብ በታጠረች አንዲት ከተማ አንድ ሽማግሌ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ስለ ተኩላ ይጽፍ ነበር፤ ተኩላ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሰዉ «ቃል ለቃሚው» ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የላቲን ቃላትን ከየመጻሕፍቱ እየለቀመ፣ በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ፣ መዝገብ ሲያዘጋጅ ኖሯልና።

ሉፑስ የሚለው የላቲን ቃል በጥንት ሰዎች አፍ መጀመሪያ ተኩላ ማለት ነበር። ኋላ አስቸጋሪ ፈረስ የሚገራበትን ባለ ጥርስ ልጓም ሉፑስ አሉት፤ ጉድጓድ የገባ ባልዲ የሚወጣበትን ሜንጦም እንዲሁ፤ ሆዳሙ ዓሣ እንኳ አልቀረለትም። ለእያንዳንዱ ፍቺ ቃል ለቃሚው ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ ከሌላው ያልተቀዱ ሁለት መጻሕፍት። አንድ ምስክር ብቻ ያለው ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ዓመት ይቆያል፤ ጓደኛ ካጣ ለጎረቤቱ ጠራዥ ይሰጣል፤ ጠራዡም ከሌላ ወረቀት ጋር ደራርቦ በሙጫ እያጣበቀ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን ገበታ ይሠራበታል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ እንደ ልጁ ያሳደጋት ታናሽ እህት ነበረችው። ጉንጯ ላይ የወጣው ቁስል ሁለት ዓመት ሆኖት አልድን አለ፤ የውኃ ቀጂዎች ሐሜት ከከተማው ዳኛ ጆሮ ደረሰ።

«ሥጋ ደዌ ከሆነ ከግንቡ ወጥታ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሕሙማን ሰፈር ትሄዳለች፤ አዋጅ ነው» አሉ ዳኛው ቃል ለቃሚውን አስጠርተው።

«ጌታዬ፣ ሥጋ ደዌስ አይደለም። ፊት የሚበላ፣ ወደ ሰው የማይተላለፍ ቁስል ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ሉፑስ ይሉታል። መጽሐፉን ይዣለሁ።»

«ስንት ምስክር አለዎት?»

«አንድ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «አምና በርስት ክርክር ስለ አንድ ቃል ጠይቀንዎት፣ አንድ ምስክር ወሬ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም? ያ ሰው በእርስዎ ንግግር ቤቱን አጣ። በሉ፣ ሦስት ቀን ሰጥቼዎታለሁ፤ ሁለተኛውን ያምጡ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ቃል ለቃሚው ሦስቱን ቀን እህል ሳይቀምስ የከተማውን መጻሕፍት አገላበጠ፤ ተኩላው፣ ልጓሙ፣ ሜንጦው፣ ዓሣው ሁሉ ተገኘ፤ ቁስሉ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ጉንጯን በነጠላ ጨርቅ ሸፍና ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«አገኘህ ጋሼ?»

«አላገኘሁም።»

«እንግዲያው ጻፈው። አንድ የሞተ ሐኪም ስም ጥራና አንድ መስመር ጻፍ። ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ቁስሉ እስከ ፈቀደላት ድረስ ሣቀች። «ወይ ጋሼ፣ እኔን ከግንቡ ማስወጣት ቀለለህ ማለት ነው።»

ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ፤ ደረቀበት፤ ደግሞ ነከረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከነፍሱ አስበልጦ ይወዳት ነበር፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት አንዲት ሐሰት ያልጻፈ እጁ እምቢ አለው። በማግስቱ እህቱ አንዲት ጥቅል ይዛ ከከተማው በር ወጣች፤ እስከ ድልድዩ ተከተላት፤ እሷ ግን ዞራ አላየችውም። ከሁለት ክረምት በኋላ ወደ ማዶ እህል የሚያመላልሰው ሰው መሞቷን ነገረው።

እህቱ በወጣች በአምስተኛው ዓመት እርጥበት ገብቶ፣ ጎረቤቱ የጠረዘው የመዝገቡ አንደኛ ጥራዝ ገበታ ተላቀቀ። በሙጫ ከተጣበቁት ወረቀቶች መካከል ቃል ለቃሚው የገዛ እጅ ጽሕፈቱን አየ፤ ሉፑስ፣ ፊት የሚበላ ቁስል፣ ከሥጋ ደዌ የተለየ፤ አሁን በከተማው የማይገኝ የሌላ ሐኪም መጽሐፍ፣ ገጹ ሳይቀር፣ ተጠቅሷል። ከግርጌው «ጓደኛ የለውም፤ ይጣል» ይላል። ከእህቱ መታመም አስቀድሞ ጽፎ፣ ዓመት ጠብቆ፣ ጥሎ፣ ረስቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጥራዙን እንዳቀፈ አለቀሰ።

ከዚያም ተነሥቶ፣ ሕጉ ስለ ተሟላ፣ ፍቺውን በመዝገቡ አስገባ።

ግንቡ ፈርሷል፤ መዝገቡ ግን ዘመን ተሻግሮ የሊቃውንትን ምስጋና አትርፏል፤ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው አልተነሣም ይላሉ። በሉፑስ ሥር ሁለቱ ምስክሮች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ቁስሉን ጉንጯ ላይ ተሸክማ የኖረችው ሴት የለችበትም፤ ሕጉ መጽሐፍ እንጂ የሰው ፊት አይቀበልም ነበርና።