የሐርቡ ነጭ ጭልፊት

የወንድምአገኘሁ ሬሳ ከሐርቡ በላይ ካለው ገደል ሥር ተገኘ። ወፍ አጥኚ ነበር። ነጭ ጭልፊት አገኘሁ ብሎ ወሬውን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ፒያሳ ነዝቷል፤ ወፉ ምን ምን ምልክት እንዳለው ግን ለሚስቱም አልነገረም። ሰው እንዳይቀድመው ይፈራ ነበር።

ኢንስፔክተር አትጠገብ ከደሴ ስትደርስ ገበሬው ሚስባህ በካቴና ታስሮ ቆያት። ሟቹ ለወፉ ሲል ተራራው ይከለል ብሎ ነበር። ከተከለለ የሚስባህ ከብቶች ግጦሽ የላቸውም። ገደል እሰደዋለሁ ብሎ መዛቱን ጎረቤቶቹ መስክረውበታል። ሚስቱ ሐዋ ልጇን አዝላ የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች።

«ጭልፊቱን አይተኸዋል?» አለች አትጠገብ።

«ወላሂ ነጭ ጭልፊት አላየሁም፣ እትዬ። ከገደሉ ወጥቶ በላያችን የሚያልፈው ቡናማ ነው። ልጅ ሆኜ እንደማውቀው ያለ።»

ፖሊሱ ሳቀ። «አገር ያወራለትን ወፍ ባለአገሩ አላየሁም ይላል። እንግዲህ ይቺን ስሚ።»

አትጠገብ አልሳቀችም።

የሟች ሚስት ሊድያ ባሏ ሲወድቅ መኪና ውስጥ ነበረች፤ እንዳልወረደች የመንገድ ሠራተኞች አይተዋል።

«ጠላት ነበረው?»

«እንጃ። ቤት የሚመጣው ልብስ ሊቀይር ነበር» አለች። አላለቀሰችም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ምንይሉ ነው። አሥር ዓመት የወንድምአገኘሁን ሻንጣ ተሸክሟል።

«ገደሉን ወጥቼ አላውቅም፤ ከፍታ ያዞረኛል» አለ። «ከታች ወንዙ ዳር ቆሜ ወፉን ሳይ ጩኸት ሰማሁ።»

«ከዚያ በፊት አይተኸዋል?»

«ያን ቀን ብቻ። ለኔ ማን ያሳየኛል?»

«ምን ይመስላል?»

ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «እንደ ጥጥ ነው። በሁለቱ ክንፎች መሐል ግን አንዲት ቡናማ ላባ አለችው።»

በማግስቱ አትጠገብ ብቻዋን ወንዙ ዳር ቆመች። ጭልፊቱ ወጣ፤ ዞረ። ቡናማ ነበር። ከዚያ እያለከለከች ገደሉን ወጣች፤ ወፉ ከእግሯ በታች ሲያልፍም አየችው። ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ወንዙ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ሆዱና የክንፉ ሥር እንደ ማንኛውም ጭልፊት ቡናማ ነው» አለች። «የነጣው ጀርባው ብቻ ነው። ሚስባህ ከታች የሚኖር ሰው ነው፤ ነጭ አላየሁም ያለው እውነቱን ነው። ቢዋሽማ አየሁ ይል ነበር።»

«ሲዞር ጀርባው ይታያል» አለ ምንይሉ።

«ይኸው እየዞረ ነው። ላባዋን አሳየን።»

ሁሉም አንጋጠጡ። ምንይሉ መሬት መሬቱን አየ።

«ላባዋን ሟቹ ለማንም አልነገረም። እኔም ያየኋት ከአፋፉ ላይ ሆኜ ነው። አንተ ያየኸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ራስህ ነህ ያልከኝ። ያን ቀን ከሱ ጋር ላይ ነበርክ።»



«መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ ምንይሉ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «አምና። ነገርኩት። ፒያሳ ሰው ፊት፣ ተሸካሚ ደግሞ ወፍ ያውቃል ወይ ብሎ አሳቀብኝ። ኋላ ዓይኑ ሲያየው እኔ ነኝ ያገኘሁት እያለ ወሬውን ነዛ፤ ያን ቀንም እዚያው ፊቴ ደገመው። ገፋሁት።»

አሥር ዓመት ተሸካሚ የተባለ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚያጠራቅም የሚያውቀው የተባለው ብቻ ነው። ሊድያ አንዴ አየችውና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ካቴናው ከሚስባህ እጅ ወጥቶ ምንይሉ እጅ ገባ። ጎረቤቶቹ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ ቀረቡ። ሚስባህ በመሐላቸው አልፎ ሄደ። ሐዋ ተከተለችው።

«አልሐምዱሊላህ በል እንጂ። ምነው ፊትህ አልፈታ አለ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሚስባህ። «ገዳይ ነህ ሲሉኝ አላለቀስኩም። አይደለህም ሲሉኝ ምን ያስቀኛል?»