የግራ እጅ ቋጠሮ

በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር ፲፮፻፸፰ ዓ.ም.፣ የሆላንዱ የሮተርዳም ወደብ በዝናብ ርሶ ነበር፤ ከእንግሊዝ መርከብ በደረሰ ቁጥር ዴቦራ የምትባል የእንግሊዟ የቶንተን ከተማ ሸማኔ የሚወርደውን ተሳፋሪ ሁሉ እያስቆመች «ልጄን ናትናኤልን አይታችሁታል?» ትል ነበር።

የሞንማውዝ መስፍን በእንግሊዝ ንጉሥ በያዕቆብ ላይ ያነሣው ዐመፅ ባለፈው ሐምሌ ተደምስሶ ነበር። መስፍኑ ተሰየፈ፤ ከተከታዮቹ ብዙዎች ተሰቀሉ፤ ሌሎች ወደ ሩቅ ደሴቶች ተጋዙ፤ ጥቂቶች ግን ባሕር ተሻግረው ሆላንድ ገቡ። ናትናኤል ከቶንተን ሸማኔዎች ጋር ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቱም መሸመኛዋን ሽጣ ፍለጋ ወጣች።

አንድ ቀን የስደተኞቹ ሽማግሌ መምህር ኦባድያ ክንዷን ይዞ ከሰው ለያት።

«እመት ዴቦራ፣ ኧረ በእግዜር! የንጉሡ ሰላዮች በየወደቡ አሉ። እዚህ ያለነው ሁሉ ስማችንን ለውጠናል። እርስዎ በጠሩት ቁጥር ለአዳኞቹ እየጠቆሙት ነው።»

«ታዲያ መምህር፣ እናት ልጇን ሳትጠራ እንዴት ታገኘዋለች?»

«እሱን እንኳ እኔም አላውቀው።»

ያን ቀን ዴቦራ ስትፈትል ክሩ ተበጠሰባት። ስትቋጥረው እጇ ባለበት ቀረ። ናትናኤል ግራኝ ነው፤ ክር ሲበጠስበት ከግራ ስለሚጀምር ቋጠሮው ከሰው ሁሉ ቋጠሮ በተቃራኒው ይዞራል። በልጅነቱ ስንት ተቆጥታው ነበር! ከሸመነ ደግሞ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እጁ መቼም አይለወጥም።

ከዚያ በኋላ ወደብ መቆሙን ትታ በዴልፍስሃቨን፣ ከዚያም በሔግ የሸማኔ ቤት ታስስ ጀመር። ጨርቁን ታነሣለች፤ ትገለብጣለች፤ በጣቷ ትዳስሳለች።

«ይቺ ሴትዮ ፊቱን ትታ ጀርባውን ልትገዛ ነው እንዴ?» እያሉ ሸማኔዎቹ ይስቁባት ነበር።

«ፊቱንማ ሁላችሁም ታሳምራላችሁ» ትላቸዋለች በሰባራ ሆላንድኛ።

በሔግ ሳለች ስደተኞቹ አንድ ቀይ ጢም ያለው እንግሊዛዊ በሩቁ አሳዩዋት፤ ለንጉሡ ወሬ የሚለቅም ሰው ነበር።

በኅዳር አምስተርዳም ደረሰች። በአንድ ቦይ ዳር ካለ የሸማኔ ቤት ገብታ ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ገለበጠች፤ ጣቷ ከአንድ ቋጠሮ ላይ ቆመ። በግራ ይዞራል። ቀና ስትል በማዕዘኑ መሸመኛ ላይ ጠጉሩን የተላጨ ከሲታ ሰው አየች፤ ወደ እሱ ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሣች። በዚያው ቅጽበት ያንኑ የሔጉን ባለ ቀይ ጢም ሰው ከበሩ አጠገብ ጨርቅ ሲያማርጥ አየች።

የሸማኔ ቤቱ ባለቤት ሳቀና ሸማኔውን በሆላንድኛ ስሙ ጠራው። «ያን፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ እንዴ? ዓይኗን ነቅላ ልትሰጥህ ነው!»

ባለ ቀይ ጢሙ ዞረ።

«ከየት ያውቀኛል?» አለች ዴቦራ፤ ድምፅዋን እንደ ምንም አጸናች። «ያስገረመኝ ቋጠሮው ነው። እንዲህ አጣሞ መቋጠር ማን አስተማረው?»

ሸማኔው ራሱን ሳያነሣ መወርወሪያውን ላከ። «እናቴ እንኳ ቀኝ እጅ ልታስለምደኝ ብዙ ለፍታ ነበር፣ እመቤቴ። አልተሳካላትም።»

«እንኳን አልተሳካላት» አለች።

ባለ ቀይ ጢሙ በሸማኔዎች ወግ ተሰላችቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ፤ ሰማያዊውን ገዝቶ ሄደ። ዴቦራ ከዚያው ቤት በፈታይነት ተቀጠረች፤ በመጋቢት የንጉሡ የምሕረት አዋጅ እስኪሰማ ድረስ ልጇን «ያን» እያለች፣ እሱም «እመቤቴ» እያላት፣ እሷ የፈተለችውን እሱ ሸመነ።

ታሪክ የመስፍኑን መሰየፍና የንጉሡን ቁጣ ጻፈ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ንጉሡ ራሱ በተራው መሰደዱንም ጨምሮ ጻፈ። ባለ ቀይ ጢሙ በዚያ የብርድ ወራት በሔግ ጎዳናዎች አዲስ ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ሸሽተው የመጡትን ሲያስስ መክረሙን ግን ማንም አልጻፈም፤ የናትናኤል የግራ እጅ ቋጠሮ ከካፖርቱ ውስጥ በኩል ጀርባው ላይ ነበር።