የግራ እጅ ጉርሻ

ደብረ ብርሃን ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፤ ትርንጎ ግን ለምዳዋለች። ጠዋት ልጇን ሶስናን ትምህርት ቤት አድርሳ ትመለስና፣ ሳሎኗ ጥግ ካለችው የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ፣ የመኪናዋን ኳኳታ እየሰማች፣ የአዲስ ጨርቅና የዘይት ሽታ እየሳበች፣ ልጂቱ ለምሳ የምትመጣበት ሰዓት እስኪደርስ የሰው ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ዘለቀ ኖርዌይ ነው። ሁለቱን ሊወስዳቸው ሲጀምር እናትና ልጅ መሆናቸው በደም ይረጋገጥ ስለተባለ፣ ደም ሰጥተው ውጤቱን ይጠብቁ ነበር።

ዶክተሩ አስጠራትና «እህት አለሽ?» ብሎ ጀመረ።

«የለኝም። ለእናቴ አንድ ነኝ።»

ደሙ እንደሚለው ከሆነ ትርንጎ የሶስና አክስት እንጂ እናት አይደለችም። ትርንጎ ሳቀች። ያረገዘች እሷ፣ ያማጠች እሷ፤ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

«መውለዱንማ አንቺው ነሽ የወለድሻት» አለ ዶክተሩ። «ግን እናትሽ መንታ ነበር ያረገዙት። ገና ከጅምሩ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ሁለታችሁ አንድ ሆናችሁ። የእህትሽ ሥጋ ካንቺ ጋር አብሮ አደገ፤ ልጂቱ የተገኘችው ከእሷ ነው። በሽታ አይደለም፣ አትጨነቂ። ሌላ ናሙና እንወስዳለን።»

«የቱ ጋ ነው ያለችው?»

«እዚህም እዚያም። የግራ ክንድሽ መልኩ ከቀኙ ትንሽ ይለያል፤ አይተሽው አታውቂም?»

አይታዋለች። ፀሐይ ነው ስትል ነው የኖረችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ጥቂት በጥቂት መጣ። ስትሰፋ ሐሳቧ ዘለቀ ዘንድ ደርሶ ሲመለስ፣ ያልጀመረችው ኮሌታ አልቆ ታገኘዋለች፤ ስፌቱም ከራሷ ስፌት የደቀቀ ነው። ቀኝ እጇ በብርድ ደንዝዞ ግራው ይሞቃል። ሶስና ከሰዓት ሸለብ ሲያደርጋት፣ ግራ እጇን ሳታዘው የልጂቱን ፀጉር ሲዳብስ ትደርስበታለች። መንገድ ሲሻገሩም ሶስና በቀኝ በኩል መሄድ እምቢ አለች።

«ለምን?»

«ይቺኛዋ ትወደኛለች» አለች የእናቷን ግራ እጅ ይዛ።

ትርንጎ ፈራች። የፈራችው ለገላዋ አልነበረም፤ ያላት አንድ ልጅ ናት፣ እሷኑ ያቺ እህቷ እንዳትወስድባት ነው። ለዘለቀ አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? እጇን በጋቢዋ ውስጥ ደብቃ መዋል ጀመረች።

አንድ ቀን ለምሳ ተቀመጡ። ውጭ ሰማዩ እንደ ምሽት ጠቁሮ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ቤቱ ሽሮና እርጥብ አፈር ይሸታል። ሶስና ወደ ሞሰቡ እጇን አልዘረጋችም።

«እንብላ አላልሻትም» አለች።

«ማንን?»

ልጂቱ በአገጯ ጋቢውን አመለከተች። ሰው እያለ እንብላ ሳይሉ መቁረስ የስግብግብ ነው ብላ ያስተማረቻት ራሷ ትርንጎ ናት። ነገሩን በሳቅ ልትዘጋው ፈለገች።

«እሺ፤ እንብላ» አለች ወደ ጋቢው።

ከዚያ በቀኝ እጇ ጠቅልላ ልጇን አጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ልትደግም ስትቆርስ፣ ግራ እጇ ከጋቢው ወጣ። ቀስ ብሎ ቆረሰ፣ ከሽሮው አጠቀሰ፣ ለትንሽ አፍ የሚበቃ አድርጎ ጠቀለለና ዘረጋ። ሶስና ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ከእናቷ እጅ እንዲህ ጣፍጧት በልታ አታውቅም።

ትርንጎ ክንዷን ልትሰበስብ ሞከረች፤ አልታዘዛትም። በቀኟ የግራ አንጓዋን ጨምድዳ ያዘች። የገዛ ልቧ ደረቷን ሊበሳ ይደልቃል፤ ከጣቶቿ ሥር ያለው የደም ሥር ግን ሌላ ምት ነበረው፣ ዝግ ያለ፣ አንዳች የማያሳስበው ሰው ምት። እንባዋ መጣ።

ሶስና አፏን ጠርጋ ቀና አለች። ያየችው ፊቷን አልነበረም፤ እጁን ነበር።

«እማዬ» አለችው፣ «አክስቴ ለምን ታለቅሳለች?»

አክስት የሚለውን ነገር በዚያ ቤት ያነሳ ሰው አልነበረም። ትርንጎ እናትሽ እኔ ነኝ ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሰምታው የማታውቀው፣ ለስላሳ ድምፅ ነበር፦ «ተያት የኔ ልጅ፣ ትለምደዋለች።»