ከቁም ሳጥኑ ጥግ የወጣው ኮት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ፤ ጅብ አዳማ አስፋልት መሃል ቆሞ በአማርኛ ሰላም ቢለኝ እንኳ፣ አነጋገሩ የየት አገር ሰው እንደሚመስል አጣራለሁ እንጂ አልደነግጥም። ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው፣ ቆሌ ዛር የሚባል ነገር ስሙም አይነሳም፤ ሥራዬ ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተርነት ነው፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ኮንቴነር ከጉምሩክ ሳስለቅቅ ነው፣ ስለዚህ ማህተም ያላረፈበት ነገር ለእኔ የለም ማለት ነው።

ያ ቅዳሜ ግን እንዲህ ሆነ። ባለቤቴ አስቴር ለሴቶች ኅብረት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ቁም ሳጥኑን ስመጣ አብረን እናስተካክለዋለን፣ ብቻህን እንዳትነካው ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አትንካ የተባልኩትን ካልነካሁ ምሳ አይወርድልኝም። በዚያ ላይ ቁም ሳጥኑ ቁም ሳጥን መሆኑ ቀርቷል፣ በሩ ሲከፈት ልብሱ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው፣ ባለፈው አንድ ካልሲ ፍለጋ ጠዋት ገብቼ የወጣሁት ለምሳ ነው፣ እመኑኝ።

ሙቀቱ የቤቱን ቆርቆሮ ሊያቀልጠው ደርሷል። በካናቴራ ሆኜ አልጋው ላይ እከምር ጀመር፣ ወዲህ የሚቀረውን፣ ወዲያ ለዘመድ የሚሰጠውን፣ ከግርጌ ደግሞ ለልዋጭ የሚሆነውን፤ ልዋጭ ማለቴ ያው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ልብስ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠው ነጋዴ ነው። የሠርጌን ሱሪ አገኘሁት፣ አሁን በአንዱ እግሩ ክንዴ ብቻ ነው የሚገባው። ሥራው እየጣመኝ ሄዶ ማፏጨት ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ታዲያ ከጥግ በኩል ማንጠልጠያ ከማንጠልጠያ ሲጋጭ ሰማሁ። ነፋስ ነው አልኩ፣ አዳማ ነፋስ አይጠፋም፣ ግን መስኮቱ ዝግ ነው፣ የእኔም እጅ እዚያ ገና አልደረሰም። አይጥ ትሆናለች ብዬ አንድ እግር ጫማ አንስቼ የአስቴርን የሐበሻ ቀሚሶች ገለጥ ሳደርግ፣ ከጀርባቸው አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት ተሰቅሎ ይወዛወዛል፣ ቀስ እያለ፣ ሰው አሁን ሰቅሎት ዞር ያለ ይመስል።

የሱፍ ኮት፣ ያውም በአዳማ። የእኔ አይደለም፣ ገዝቼውም ለብሼውም አላውቅም። ነካሁት። ሌሎቹ ልብሶች ቀዝቃዛ ናቸው፣ እሱ ብቻ አሁን ከሰው ገላ ላይ የወለቀ ይመስል ለብ ብሏል፣ አንገትጌውም በላብ ረጥቧል። መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለልዋጭ በከመርኩት ልብስ ላይ ዘጭ አልኩ። ከዚያ ግን ግራ እጅጌውን አየሁት። እኔ ልጅ ሆኜ ከጋሪ ወድቄ የተሰበረ ግራ ክንዴ ሲገጥም አጠር ብሎ ነው የቀረው፣ ኮት በገዛሁ ቁጥር ግራ እጅጌው መታጠፍ አለበት። የዚህም ግራ እጅጌ ታጥፏል፣ ልክ በእኔ ልክ፣ ያጠፈችው ደግሞ አስቴር ናት፣ ስፌቷን ከሺህ ስፌት መሃል እለየዋለሁ። አሸተትኩት። ላቡ የእኔ ነው። ስለ ላቤ ሽታ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሲነገረኝ ስለኖረ አልሳሳትም።

በዚህ መሃል "ልዋጭ" የሚል ድምፅ ከመንገድ መጣ፣ ክምሩንም ኮቱንም ታቅፌ ወጣሁ። ልዋጩ ከድር ደንበኛችን ነው፣ ተረበኛ ነው፣ የሠርግ ሱሪዬን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይቺ ደግሞ የየትኛው ልጅዎ ናት አለኝ። ኮቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ።

"ይሄን እንኳ ይተዉት ጋሼ። እንደገና አንጨቃጨቅ።"

"መቼ ተጨቃጨቅን?"

"ባለፈው እትዬ ሰጥተውኝ፣ እርስዎ እስከ ገበያው ድረስ በሩጫ ተከትለው አልወሰዱብኝም? ያለ እሱ ቤት መግባት አልችልም ብለው ሲለምኑኝ አሳዘኑኝና ተውኩልዎ።"

እኔ እኮ ሮጬ አላውቅም። የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ አገር ምድሩ ሲበታተን እኔ በእርምጃ የሄድኩ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ይሆናል ልለው ብዬ ፊቱን ሳየው፣ እየቀለደ አልነበረም። ሳፋዬን ሰጠኝ፣ ጆንያውን ተሸከመ፣ ሄደ፤ ኮቱ እጄ ላይ ቀረ።

መኝታ ቤት ተመልሼ ለበስኩት፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ንዴት ይሁን እልህ አላውቅም። በዚያ ሙቀት ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ቀዘቀዘኝ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆሜ ሳለሁ የአስቴር እርምጃ ተሰማኝ፣ በሩ ተከፈተ።

"መጣህ?" አለች።

ያንን ድምፅ የሰማሁት እጮኛሞች ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ ለሌላ ተቀምጦ እንደነበር ማን ነገረኝ። ዞርኩ። ፊቷ፣ ድንገት መብራት እንደጠፋበት ቤት፣ ድርግም አለ።

"አይ። አንተ ነህ እንዴ?"

የማን ነው ብዬ ጮህኩ፣ እሷ ግን አልጮኸችም፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ የበታተንኩትን ነጠላ እያጠፈች ነገረችኝ። ሶደሬ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘን ዕቃ አልተለቀቀልኝም ብዬ ሞጆ የቀረሁ ቀን፣ እሷ ለብሳ ተዘጋጅታ ስታለቅስ በሩ ተንኳኳ፣ ከፈተች፣ እኔ ነኝ፣ በዚህ ኮት። አብረን ሄድን አለች፣ አዋሽ ዳር ጥላ ስር ተቀመጥን፣ ኮቱን አውልቅ ብልህ አላወልቅም አልክ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሞጆ በቀረሁ ቁጥር ሰውዬው ይመጣል። አንድ ጊዜ ፈርታ ኮቱን ለልዋጭ ሰጥታው ነበር፣ እሱ ግን ያንኑ ቀን ለብሶት ተመለሰ።

"እኔ መስዬሽ ነዋ" አልኳት፣ መውጫ ልሰጣት ፈልጌ፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

"የመጀመሪያ ቀን መስለኸኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አወቅኩ።"

"በምን?"

ነጠላውን አጥፋ ጨረሰች። "እኔ ሳወራ አይቀልድም።"

ሌላ ወንድ ቢሆን ሽማግሌ እጠራ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልክሰስ፣ ሚስቴ ከእኔ ጋር ሄደችብኝ ልበል? እንደተከዳሁ ግን አውቃለሁ፣ ከማንም ባል በላይ ተከድቻለሁ፣ የወሰዳት የገዛ ላቤ የሚሸት ሰው ነውና። አቃጥለዋለሁ ስላት እሺም እምቢም አላለችም፣ ኮቱን ከትከሻዬ ላይ አወለቀች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ቦታው ሰቀለችው። እኔም አላቃጠልኩትም። እኔም አብሬ ብቃጠልስ የሚል ነገር መጣብኝ።

ድሮ ከሞጆ አመሻለሁ ብዬ ስደውል ጆሮዬን ታደነቁረው የነበረች ሴት፣ አሁን "እሺ፣ አትቸኩል" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ይቺን ስሰማ ሥራዬን ጥዬ እፈተለካለሁ፤ እስቲ ንገሩኝ፣ ራሱን ከሚስቱ ጋር ሊይዝ ከሞጆ አዳማ የሚበር ባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስካሁን አልያዝኩትም።

ትናንት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱሉ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። አካም ጅርታ ብለው ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉና እንደተዘረጋ ቀረ፤ አንዴ የእኛን በር፣ አንዴ እኔን አዩ።

"አሁን ገባህ አልነበር እንዴ? በየት በኩል ወጣህ ደግሞ?"

ቀልድ ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ቀልዱን ትቼ የገዛ በሬን አንኳኳሁ።