በለጠች ሃያ ስትቆጥር

እውነት ነው። ዓብዩ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝ ግራ እጁ ከጎኑ አልወረደም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። ቦታው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው አስፋልት።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ... አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር።

ዓብዩ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጅቡቲ ይመላለሳል። ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ይነዳል፣ ቀን ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ግድግዳው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ድንገት... ጸጥ።

ትንፋሹ ይቆማል።

ሚስቱ በለጠች ያኔ መቁጠር ትጀምራለች። «አንድ... ሁለት... ሦስት...» ሃያ ሲሞላ ግራ ጎኑን በመዳፏ ታጮለዋለች። አየር ስቦ ይነቃል፣ ይሰድባታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት። አንድ ቀን እንኳ አመስግኗት አያውቅም።

አንድ የስራ ባልደረባው መሪ ላይ ተኝቶ ገደል ሲገባ፣ ድርጅቱ ሾፌሮቹ ሁሉ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲያደርጉ አዘዘ።

ክሊኒክ ውስጥ ሲስተር ሂቦ አንገቱን በሜትር ለካች።

«አርባ ስድስት! ወላሂ፣ በዚህ አንገት አየር አያልፍም።»

«በሬ ነው እንዴ የምትገዢው? ስራሽን ስሪ!»

ትንሽ ሳጥን ወረወረችለት። «ስትተኛ ደረትህ ላይ እሰረው። ቱቦው አፍንጫህ ላይ፣ ይሄ ቀይ መብራት ያለው ጣትህ ላይ። ድምፅም ይቀዳል። ምርመራውን ከወደቅክ አየር የሚነፋ ማስክ አድርገህ ትተኛለህ። እስኪሻልህ መሪ አትይዝም።»

መሪ አትይዝም... ከዚህ በኋላ ያለችውን አልሰማም። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ስራ የለም።

ሳጥኑን ይዞ በቀጥታ መልካ ጀብዱ ሰፈር ሄደ፣ የበለጠች ወንድም ኒቆዲሞስ ዘንድ። ኒቆዲሞስ ቀጭን ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ ሲተኛ ድምፁ አይሰማም።

«ነገ ቀን ይሄን አስረህ ተኛልኝ።»

«አቦ ተወኝ! ትንፋሽህን እኔ ላይ ልትጥል ነው?»

«ለእህትህ ልጆች ስትል ተኛ!»

ኒቆዲሞስ እየተሳደበ ተኛለት። በዚያው ሰዓት ዓብዩ ቤቱ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

በማግስቱ ሳጥኑን ሲመልስ፣ ሲስተር ሂቦ በውጤቱ ወረቀት ጠረጴዛውን መታች።

«አልፈሃል። ማሽኑ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ግን... ይሄን ስማ።»

ድምፁን ከፈተችው። ቀጭን፣ ንጹህ ትንፋሽ። ከዚያ፣ ከትንፋሹ ኋላ፣ የሴት ሹክሹክታ።

«...አስራ ሰባት... አስራ ስምንት... አስራ ዘጠኝ...»

የበለጠች ድምፅ ነው።

«ማናት?» አለች ሂቦ። «ለምንድነው የምትቆጥረው?»

ዓብዩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱን ነጥቋት ወጣ። ደጅ ቆሞ ለኒቆዲሞስ ደወለ።

«እህትህ ትናንት አንተ ጋ መጥታ ነበር?»

«ኧረ ማንም አልመጣም። በሩን ቆልፌ ነው የተኛሁት።»

በለጠችንም ጠየቃት። እሷ ጭራሽ ተቆጣች። «የት እሄዳለሁ? አንተ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስቆጥር አይደል የዋልኩት!»

በሳምንቱ አስቸኳይ ጭነት መጣና በቀን እንዲወጣ ታዘዘ። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ ነበር የሚገኘው።

መንገዱ ጭር ብሏል። ዓይኑ ከበደው... ራሱን ነቀነቀ።

ከኋላው፣ ከጋቢናው አልጋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ...

«አንድ... ሁለት...»

ፍሬኑን ረገጠ። መጋረጃውን በረገደው።

ማንም የለም። ፍራሹ ግን መሃሉ ጎድጉዷል። በእጁ ዳሰሰው፤ ሞቅ ይላል።

ዘሎ ወርዶ ለበለጠች ደወለ።

«ሃሎ! በለጠች!»

«ዝም በል!» አለችው በሹክሹክታ። «ባሌ ተኝቷል... ትንፋሹ ቆሟል። እየቆጠርኩ ነው።»

«ባልሽ እኔ ነኝ! ዓብዩ ነኝ እኮ! መንገድ ላይ ነኝ!»

«አስራ ስድስት... አስራ ሰባት...»

«በለጠች! አጠገብሽ ማን ነው የተኛው?»

«አስራ ዘጠኝ... ሃያ።»

በስልኩ ውስጥ መዳፏ ሲያርፍ ጧ ብሎ ተሰማው።

ቆየች። ደግማ መታች። ጧ!

«ምነው... ዛሬ ምነው እምቢ አልክ? ዓብዬ ተነስ!» ማልቀስ ጀመረች።

ዓብዩ መኪናውን ተደግፎ ሸሚዙን ገለጠ። ግራ ጎኑ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ቀልቶ ወጥቷል።

ጧ! አጠገቡ ሌላ አምስት ጣት ወጣ።

«ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት...»

ጧ! አሁንም ሌላ።

ዓብዩ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ጣቶቹ ቆዳው ላይ ሲወጡ ያያል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺ መዳፍ ስታርፍበት ያመው ነበር።

አሁን ምንም አልተሰማውም።